የመኪና ልብስ ሰፊ፤ የሃርሊ ኧርል ሕይወት

በምንማርበት ከተማ ጎዳና ላይ ምሽት ምሽት ብቅ የሚሉትን ፓራፋንጋቸው ያበጠ፣ ጎማቸው የሰፋ፣ ሆዳቸው መሬት ሊነካ የደረሰ የስፖርት መኪናዎች የማያውቅ የኅብረታችን አባል የለም። ከፋብሪካ እንዲህ ሆነው አልወጡም። ባለቤቱ ከገዛቸው በኋላ ጋራዥ አስገብቶ፣ ደህናውን ፓራፋንጎ አስቆርጦ፣ በላዩ የፋይበርግላስ ማስፊያ አስገጥሞ፣ ሰፊ ቸርኬ አስሮ ያስወጣቸው ናቸው። ከእኛም መካከል ከወር አበሉ እየቆጠበ አሮጌ መኪናውን እንዲሁ ሊያሰፋ የሚያስብ እንዳለ ሰምተናል፤ ስሙን አንጠራም። ለእሱም ለሌሎቻችንም ይጠቅማል በማለት፣ መኪናን አካል ማልበስን ከሠፈር ወርክሾፕ አውጥቶ የታላቅ ኩባንያ ሥራ ያደረገውን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሃርሊ ኧርል ኖቬምበር 22 ቀን 1893 በካሊፎርኒያ፣ ሆሊውድ ተወለደ። ሆሊውድ ያን ጊዜ ሲኒማ ያልደረሰባት የእርሻና የአትክልት ቀበሌ ነበረች። አባቱ በሎስ አንጀለስ የፈረስ ሠረገላ እየሠራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። አውቶሞቢል እየበዛ ፈረስ እየቀረ መሄዱን አባትየው አስተውሎ በ1908 ወርክሾፑን ወደ አውቶሞቢል አካል ሥራ አዞረው። ልጁ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ ወደ አባቱ ወርክሾፕ ተመለሰ። ዲግሪ ልንይዝ ባሕር ተሻግረን የመጣን እኛ ይህን ስንጽፍ ትንሽ ይከብደናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

የዚያን ጊዜ አሠራር ከዛሬው የተለየ ነበር። ባለጸጋ ሰው መኪና ሲገዛ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚረከበው ሻንሲውን፣ ሞተሩንና ጎማውን ብቻ ነው። አካሉን የሚያለብስለት ሌላ ሠራተኛ ነበር፤ ጨርቁን ገዝቶ ወደ ልብስ ሰፊ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። የእነኧርል ደንበኞች ያኔ ስማቸው መጥራት የጀመረ የሲኒማ ተዋንያን ነበሩ። ለአስቂኙ ተዋናይ ለሮስኮ አርባክልና በካውቦይ ፊልሞች ለታወቀው ለቶም ሚክስ ሌላ ሰው ዘንድ የማይገኝ አካል ሠርተውላቸዋል። በ1919 ዶን ሊ የሚባል የካዲላክ ወኪል ድርጅቱን ገዛው፤ ወጣቱን ኧርልንም የአካል ሥራው ኃላፊ አድርጎ አስቀረው።

ኧርልን ከሌሎች የለየው ጭቃው ነበር። ሌሎቹ ሞዴላቸውን ከእንጨት እየጠረቡና ላሜራ እየቀጠቀጡ ሲሠሩ እሱ በሸክላ ጭቃ ያበጅ ነበር። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ ላሜራም ከታጠፈ በኋላ ማቃናቱ አበሳ ነው። ጭቃ ግን ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል፣ ስህተቱ በመዳፍ ይታረማል። ከዚህም በላይ የሞተሩ ኮፈን፣ ፓራፋንጎው፣ በሩና የኋላው ሣጥን እንደ ልዩ ልዩ ዕቃ ተሠርተው በኋላ የሚገጣጠሙ መሆናቸው ቀርቶ ከአንድ ጭቃ እንደ አንድ ገላ መውጣት ቻሉ። የካዲላክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ላውረንስ ፊሸር ወደ ካሊፎርኒያ በሄደ ጊዜ ይህን አሠራር አይቶ ተደነቀና ኧርልን ወደ ዲትሮይት ጠራው። የመጀመሪያ ሥራው ላሳል የተባለችው የ1927 መኪና ናት።

እዚህ ላይ የጄኔራል ሞተርስን ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ስሎንን ማንሳት ግድ ይላል። የሄንሪ ፎርድ ቲ ሞዴል ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ ለብዙ ዓመታትም በጥቁር ቀለም ብቻ ሲሸጥ ቆይቶ በ1927 ሥራው ቆመ። ስሎን የተረዳው ነገር ቢኖር መኪና የሚገዛ አሜሪካዊ አብዛኛው አስቀድሞ መኪና ያለው መሆኑን ነው። እንግዲህ ደህና የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ሌላ እንዲገዛ ከተፈለገ ያለው መኪና ሳይበላሽ ሊሰለቸው ይገባል። መልኩን በየዓመቱ መለወጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት የኪነ ጥበብና የቀለም ክፍል ተቋቋመ፤ ኧርልም ኃላፊው ሆነ። ሰውየው ጎበዝ የእጅ ባለሙያ መሆኑን ሳንክድ፣ የተቀጠረው ግን የሰውን ዓይን ለማስራብ እንደነበረ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። መሐንዲሶቹ ክፍሉን ይንቁት ነበር። የ1929ኙ ቢዩክ የደረሰበት ይህን በደንብ ያሳያል። ኧርል በመኪናዋ ጎን፣ ከመስኮቱ በታች፣ ለዓይን ብዙ የማይታወቅ ለስላሳ ጉብታ አደረገላት። ሞዴሉ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ መሐንዲሶቹ ለአሠራር እንዲመቻቸው የጎኑን ታች ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት፤ ቁመቷንም በ5 ኢንች ያህል ከፍ አደረጉት። የጉብታው ልክ የተወሰነው ከቁመቱና ከታችኛው መስመር ጋር ተያይዞ ነበርና ሁለቱ ሲነኩ ለስላሳው ጉብታ ቦርጭ ሆኖ ወጣ። ሕዝቡም እርጉዝ ቢዩክ የሚል ስም አወጣላት፤ ገበያዋ ወደቀ፣ በሚቀጥለው ዓመትም በሌላ ተተካች። ከዚያ በኋላ ኧርል ሥዕሉ ከእጁ ወጥቶ ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይነካ ለማድረግ ሲታገል ኖረ፤ በ1940ም የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት በመሆኑ ታገለለት የነበረው ሥልጣን በእጁ ገባ። ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አይገረምም። የመኪና ጎን አንድ ቦታ በተነካ ቁጥር ብርሃን የሚያርፍበት መስመር ሁሉ ይናጋል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ምን እንደጎደለ ባያውቅም መጉደሉን ያውቃል።

ኧርል ቁመቱ 6 ጫማ ከ4 ኢንች የሆነ፣ ደማቅ ልብስ የሚወድ፣ ቁጣው የሚያስፈራ ሰው ነበር። ራሱ ጥሩ ሣይ አልነበረም። ሥዕሉን የሚሥሉትና ጭቃውን የሚያበጁት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱ እየዞረ ይህን አንሱ፣ ያን ጨምሩ ይላል። በ1938 የተሠራችው ዋይ ጆብ የምትባለው ቢዩክ ለሽያጭ ሳይሆን ለሙከራና ለዕይታ ከተሠሩት መኪናዎች የመጀመሪያዋ ተብላ ትቆጠራለች። መብራቷ ተሸፋኝ፣ መስኮቷ በኤሌክትሪክ የሚከፈት፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ ነበር። ኧርል ለብዙ ዓመታት እንደ ግል መኪናው ነድቷታል። ከጦርነቱ በፊት ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ባለ ሁለት ጅራቱን ፒ-38 የተባለ የጦር አውሮፕላን ካየ በኋላ ደግሞ ያ ጅራት ከሐሳቡ አልወጣም፤ የ1948ቱ ካዲላክም ከኋላዋ ሁለት ትናንሽ ክንፎች ይዛ ወጣች። በዚህ ሥራ የፍራንክ ሄርሼይ እጅ ትልቁን ድርሻ ይዟል፤ ስሙን የሚያነሳው ግን ጥቂት ሰው ነው። የአለቃ ስም የሠራተኛን ስም መሸፈኑ በየትም አገር ያለ ነው።

አሁን ወደ ኮርቬት እንምጣ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች የእንግሊዝን ትናንሽ የስፖርት መኪናዎች ወድደዋቸው ነበር፤ ኧርልም አሜሪካ የራሷ እንዲኖራት ፈለገ። ኮርቬት በጃንዋሪ 1953 ኒው ዮርክ፣ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ለሕዝብ ቀረበች። ተመልካቹ ጉድ አለ። በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን ሥራዋ ፍሊንት ከተማ ተጀምሮ 300 ብቻ ወጡ፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። አካሏ ላሜራ ሳይሆን ፋይበርግላስ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላሜራ ለመጫን የሚያስፈልገው ከባድ የብረት ቅርጽ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ ጥቂት መኪና ለሚሠራ ሰው አያዋጣም። የመስታወት ጭረትን በሙጫ አርሶ በቅርጽ ላይ ማንጠፍ ግን በእጅም ይቻላል። ዛሬ በየጋራዡ ማስፊያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ፋይበርግላስን ወደ ፋብሪካ መኪና ካገቡት ግንባር ቀደሞች አንዷ ይህች ኮርቬት ናት።

ይሁን እንጂ ላይዋ የእሽቅድድም፣ ውስጧን ለቄስ ሆነ። ሞተሩ ከቤት መኪና የተወሰደ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ ጉልበቱ ቢሻሻልም 150 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ካምቢዮውም ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ታስገባ ነበር። የስፖርት መኪና የሚያውቁ ሰዎች ነድተዋት ከንፈራቸውን መጠጡ። በ1954 ከ3,600 በላይ ተሠርተው ዓመቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ሳይሸጡ ቀሩ፤ በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ናቸው። ኮርቬትን ከሞት ያዳናት ልብሷ አልነበረም። በ1955 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ገባላት፤ መኪናዋን በዚያ ትርኢት አይቶ በኩባንያው የተቀጠረው ዞራ አርከስ ደንቶቭ የተባለ መሐንዲስም ሞተሯንና አያያዟን እያረመ የእውነት የስፖርት መኪና አደረጋት።

ጋራዥ ለሚያስበው ጓደኛችን ይህ ነጥብ ሳይብራራ ማለፍ የለበትም። ማስፊያ የሚገጠመው ሰፊ ጎማ እንዲይዝ ነው፤ ሰፊ ጎማ ለሌለው መኪና የሚገጠም ማስፊያ ባዶ ኪስ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ መኪናው እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ መሪውም እስከ ጥግ ዞሮ ጎማው የት እንደሚደርስ ይለካል። ከዚያ የፓራፋንጎው የውስጥና የውጭ ላሜራ ተቆርጦ ሁለቱ ጠርዞች እንደገና በብየዳ ይያያዛሉ፤ ይህ ካልተደረገ ውኃና አቧራ እየገባ ዝገት ይጀምራል። ማስፊያው በማጣበቂያና በሪቬት ይያዛል። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ለሳምንት ያምራል፤ ብረትና ፋይበርግላስ በሙቀት እኩል አይለጠጡምና በዚህ አገር ፀሐይ ብዙ ሳይቆይ መሰንጠቁ አይቀርም። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ መጠን ኩሽኔታው ከልኩ በላይ ይሸከማል፣ መሪውም ይከብዳል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሞተሩ ያው፣ ፍሬኑ ያው ነው። በዚያ ገንዘብ በመጀመሪያ ፍሬንና ባሌስትራ ቢታደስ ይሻላል የሚል አስተያየት አለን፤ ገንዘቡ የእኛ ባለመሆኑ ግን ከዚህ አናልፍም።

የኧርል መጨረሻ ዓመታት የክንፍ ዓመታት ነበሩ። ክንፎቹ በየዓመቱ አደጉ፣ ክሮሙ በየዓመቱ በዛ። በ1956 የክራይስለር ኩባንያ ቀጣይ ሞዴሎች ቀጭንና ቀላል ሆነው መታየታቸው የኧርልን ወጣት ሠራተኞች አስደነገጣቸው፤ እሱ አገር ውስጥ በሌለበት ጊዜም ሌላ ሥዕል መሣል ጀመሩ። ኧርል ተመልሶ ሲያይ ያልተጠበቀውን አደረገ፤ ተቀበላቸው። በ1958 መጨረሻ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ለቢል ሚቼል ለቀቀ። የ1959ኙ ካዲላክ ክንፍ ከሁሉም የላቀ ረጅም ሲሆን ከዚያ ወዲያ እያጠረ ሄደ።

ክንፉ ቢያጥርም ጉዳት ሳያደርስ አልቀረም። ራልፍ ኔደር የተባለው ጠበቃ በ1965 ባወጣው የመኪና አደጋ መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታሪክ አለ። ልጅቷ ቤቷ አጠገብ ብስክሌት ስትነዳ ከቆመ የ1962 ካዲላክ ክንፍ ጋር ተጋጭታ ሞተች። መኪናው አልተንቀሳቀሰም፤ ሹፌርም አልነበረበትም። ያን ክንፍ እዚያ ያስቀመጠው ሞተር አልነበረም፣ ፍሬንም አልነበረም፤ ዓይንን ለመሳብ የተጨመረ ላሜራ ነው። ኧርል በግል ጥፋተኛ ነው ልንል አንችልም፤ መኪናዋ የወጣችው እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሆኖም ጭቃውን የሚያበጀው ሰው መኪናውን ከሚገዛው ሌላ መንገዱን የሚጋራውንም ሰው ማሰብ እንደነበረበት እናምናለን። በ1966 የአሜሪካ ምክር ቤት መኪና አምራቾችን የሚያስገድድ የደኅንነት ሕግ አወጣ።

ኧርል በፍሎሪዳ በጡረታ ሲኖር በ1963 የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሰማያዊ ኮርቬት ለእሱ ብሎ አሰናዳለት፤ የጭስ ማውጫዋ በጎኗ የወጣ፣ ገበያ ላይ ካሉት የተለየች። ልብስ ሰፊውም በስተርጅና የተሰፋለትን ለብሶ ዞረ። ኤፕሪል 10 ቀን 1969 በዌስት ፓልም ቢች በ75 ዓመቱ አረፈ። በየዓመቱ በፍሎሪዳ የሚካሄደው የዴይቶና 500 ማይል እሽቅድድም አሸናፊ የሚሸለመው ዋንጫ በስሙ ይጠራል፤ ከጫፉ ላይም ኧርል በሐምሳዎቹ መጀመሪያ ያሠራት፣ የአውሮፕላን መልክ ያላት ፋየርበርድ የተባለች መኪና ትንሽ ምስል ተቀምጧል።