ሎረንስና የነጎድጓድ ልጆቹ

ባለፈው ቅዳሜ ከኡራኤል ወደ አትላስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ፊቱ ፈክቶ መጣ። በእጁ የሽያጭ ውል ይዟል። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ላይ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ኖሮ፣ ጋሼ የሕግ ሰው ነውና ውሉን ይይልኝ ብሎ ነው የፈለገኝ። ሞተሯ ደጅ ቆማለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ቢኤምደብሊው ናት። የፊት መስታወትና የጎን ሻንጣዎች አሏት፤ ለፍጥነትም ለረጅም መንገድም ታስበው ከተሠሩት ወገን ናት። አዳዲስ መኪኖች ሲያልፉ ዞር ብሎ ያላያቸው ሁሉ እሷን ከቧል። መኪና ጠባቂው ሳይቀር ሳልቫትዮዋን ዳበስ አደረጋት።

ይህ ያረጀ ብረት ምን ቢኖረው ነው ሰውን እንዲህ የሚያፈዘው? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ነው። በ1962 የወጣውን የዓረቢያው ሎረንስ ፊልም ያያችሁ አንባብያን፣ ፊልሙ በሞተር ሳይክል አደጋ እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ። (የሎረንስን ታሪክ የማወራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሎረንስ በ1888 ዌልስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሕጋዊ ሚስታቸውን ትተው፣ ስማቸውንም ለውጠው ነው ከእናቱ ጋር ጎጆ የቀለሱት። ስለዚህ ልጁ ሲወለድ የተሰጠው የቤተሰብ ስም ራሱ የፈጠራ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ኦክስፎርድ ታሪክ ተማረ፤ ቀጥሎም ካርኬሚሽ በተባለው ጥንታዊ ከተማ በቅርስ ቁፋሮ ሠራ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ካይሮ በእንግሊዝ የስለላ ክፍል ተመደበ። ከዚያ ከልዑል ፋይሰል ጋር ተሰልፎ የቱርኮችን የባቡር ሐዲድ በፈንጂ አፈረሰ፤ በ1917 አቃባ፣ በ1918 ደማስቆ ከገቡት ጋር ገባ። ዝናው ዓለምን ሞላው። ነገር ግን ለዓረቦች ቃል የተገባውን ነጻነት እንግሊዝና ፈረንሳይ ምድሩን ተከፋፍለው ሲያፈርሱት አፈረ። የኮሎኔልነት ማዕረጉን ጥሎ በ1922 በሐሰት ስም ተራ የአየር ኃይል ወታደር ሆነ። ጋዜጦች ደርሰውበት ሲሰናበት በሌላ ስም ታንከኛ ጦር ገባ፤ ኋላም ወደ አየር ኃይል ተመለሰ።

ሞተር ሳይክሉ ሕይወቱን የያዘው በእነዚሁ ዓመታት ነው። የመረጠው ብራፍ ሱፐሪየርን ነበር። ጆርጅ ብራፍ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ከ1919 እስከ 1940 ሦስት ሺህ ያህል ብቻ ሠርቷል። ኤስኤስ 100 የተባለው ሞዴል በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር መሮጡ ዋስትና የተሰጠበት ነበር። ሎረንስ ከብራፍ ሞተሮች ሰባቱን በተከታታይ ነድቷል፤ ስምንተኛም አዝዞ ነበር። እስከ 1926 ብቻ 100 ሺህ ማይል ያህል ተጉዟል። ስማቸውንም ቦአኔርጌስ አላቸው። ወንጌል የሚያነብ ያውቀዋል፤ የነጎድጓድ ልጆች ማለት ነው። እኛስ ቅዱስ ዮሐንስን ወልደ ነጎድጓድ እንለው የለ? ከሞተ በኋላ በ1955 በታተመው ዘ ሚንት በተባለው መጽሐፉ በዚህች ሞተር ከአውሮፕላን ጋር እንደተሽቀዳደመ ጽፏል።

ለጥያቄዬ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በተበደረው ስም ለኖረ ሰው፣ መንገዱ ስም አይጠይቅም። አሮጌ ሞተር ደግሞ ስለ አንተ አያስብልህም። ማርሹን አንተ ታስገባለህ፣ የሞተሩን ድምፅ አንተ ታዳምጣለህ፣ ከተሳሳትክም የተሳሳትከው አንተ ነህ። በ2016 እንግሊዝ ውስጥ ዝገውና ተበታትነው ከተገኙ ስምንት ብራፎች አንዱ በጨረታ ከ330 ሺህ ፓውንድ በላይ መሸጡ ናፍቆቱ እንዳልበረደ ያሳያል።

ይሁን እንጂ የሎረንስ ታሪክ በናፍቆት አያልቅም። ከአየር ኃይል በተሰናበተ በወራት ውስጥ፣ ሜይ 13 ቀን 1935፣ ቦቪንግተን ጦር ሰፈር ፖስታ ቤት ደርሶ ወደ ጎጆው ሲመለስ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ። ከሞተሩ ተፈናጥሮ ወደቀ። ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። ስድስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በ46 ዓመቱ ሞተ። በምርመራው ችሎት አንድ ወታደር ጥቁር መኪና አይቻለሁ ሲል ልጆቹ መኪና አላየንም አሉ፤ ውሳኔው ድንገተኛ አደጋ የሚል ሆነ። ሐሜቱ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥቁሩ መኪና ሳይሆን ባዶው ራስ ነው። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ይህ ሰው በ1941 በሞተረኞች የራስ ጉዳት ላይ ጥናት አወጣ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹን ሄልሜት አስገደደ። ለሲቪሉ ሕግ የሆነው ግን በ1973 ነው። ሎረንስ ከሞተ 38 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሕግ ከቀብር በኋላ ሲደርስ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም አገር ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው፤ ግን ስንቱ ሞተረኛ ነው ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት የሚሄደው? ከስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ጓደኞቼ አንዱን በሞተር አደጋ ቀብረናል። የእሱም ራስ ባዶ ነበር።

ወደ ውሉ ልመለስ። ሊብሬውን፣ የቀረጡን ደረሰኝ፣ ከተማችን በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ የሚጠየቀውንም ፈቃድ አየሁ። እንከን የለውም። አንድ ነገር ግን ይጎድላል፤ ልጁ ሄልሜት የለውም። ገንዘቡ ለሞተሯ አልቆ፣ ለወር ደመወዝ አቆይቶታል። ስለ ሎረንስ ይህንኑ ነግሬው፣ ሄልሜቱን ገዝቶ እስኪመጣ ምስክር ሆኜ እንደማልፈርም አስታወቅሁት። አኮረፈ። ማክሰኞ ማታ አዲስ ሄልሜት ይዞ ቤቴ መጣ፤ እኔም እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ቸር እንሰንብት!