ከሐኪሙ ትከሻ በስተኋላ የቆሙት ሰው

ስለ ልብ ኦፕራሲዮን ታሪክ ሲነሣ የዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ስም ይጠራል። እኛ ልናወሳ የወደድነው ግን ረዳታቸውን ቪቪየን ቶማስን ነው።

ቶማስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 በሉዊዚያና ተወልደው በናሽቪል አደጉ። ከአባታቸው አናጢነትን ተምረው ነበር፤ ሐሳባቸው ግን ገንዘብ አጠራቅመው ሐኪም መሆን ነው። በ1929 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ሥራ ስላሳጣቸው በ1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በብላሎክ የምርምር ክፍል ተቀጠሩ። ወዲያውም ያጠራቀሙበት ባንክ ከሰረና የኮሌጁ ነገር በዚያው ቀረ።

በመጋዝና በመሮ የሠለጠነ እጅ ነበራቸውና የኦፕራሲዮኑን ጥበብ ፈጥነው ያዙት። ይሁን እንጂ በደመወዝ መዝገብ የተጻፉት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ምክንያቱ የቆዳቸው ቀለም መሆኑን አንባቢ ሳይገምተው አይቀርም።

በ1941 ብላሎክ ወደ ባልቲሞር፥ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲዛወሩ ቶማስን ይዘዋቸው ሄዱ። በዚያም የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ታውሲግ፥ ወደ ሳንባቸው የሚደርሰው ደም ከማነሱ የተነሣ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ስለሚጠቁር ሕፃናት አማከሯቸው። ሥራው በቶማስ እጅ ወደቀ። ቶማስም ሁለት ዓመት ያህል ደክመው፥ ሁለት መቶ በሚያህሉ ውሾች ላይ ሞክረው፥ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ከሳንባው የደም ሥር ጋር የማጋጠሙን ዘዴ አበጁ። ለሕፃን የሚሆን መርፌ ባለመኖሩ ያለውን እየቈረጡና እየሞረዱ አዘጋጁ።

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ኦፕራሲዮን ሲደረግላት ብላሎክ ቶማስን አስጠሩ። ቶማስ ከሐኪሙ ትከሻ በስተኋላ በርጩማ ላይ ቆመው ስፌቱ በየት በኩል እንዲሄድ ሲጠየቁ ይመልሱ ነበር። ሕፃኒቱ ከወራት በኋላ ብትሞትም በዚሁ ዘዴ ብዙ ሺህ ሕፃናት ዳኑ። በ1945 ስለ ግኝቱ በታተመው ጽሑፍ ላይ ግን የሁለቱ ሐኪሞች ስም ሲሰፍር የቶማስ ስም አልነበረበትም።

ብላሎክን ፈጽሞ ልንወቅሳቸው አንችልም፤ ቤተ ሙከራውን አምነው ሰጥተዋቸዋል፥ በ1946ም ስለ ደመወዛቸው ተከራክረውላቸዋል። ሆኖም ቶማስ ኑሮ ሲከብዳቸው፥ ቀን ኦፕራሲዮን ላስተማሯቸው ወጣት ሐኪሞች ማታ በብላሎክ ግብዣ ላይ መጠጥ ይቀዱላቸው ነበር። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ይህ ነው።

በ1971 እነዚያው ደቀ መዛሙርት ያሠሩት ሥዕላቸው በሆስፒታሉ ተሰቀለ። በ1976 የክብር ዶክትሬት ተሰጣቸው፤ እርሱም የሕክምና ሳይሆን የሕግ ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 1985 ዐረፉ፤ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ኦፕራሲዮኑን ሲጠሩ በብላሎክና በታውሲግ ስም መካከል የቶማስን ስም ያገባሉ።