በጌምድር ለምን ከዐፄ ቴዎድሮስ ራቀ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር ለአሥርት ዓመታት የየጁ መሳፍንት መናገሻ ነበረች። ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ ሰኔ 1845 ዓ.ም. ዓይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ሲያደርጉ ከተማዋ ጌታ ለወጠች። ካሳ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ከጊዜ በኋላም ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጓት።

በዘመነ መሳፍንት ጦርነት የተማረረው ገበሬ በአዲሱ ንጉሥ ተስፋ ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ ወታደሩ ባላገሩን መዝረፍ ትቶ በደመወዝ እንዲተዳደርም አዘዙ። በዚያ ዘመን የምርጫ ኮሮጆ ባይኖርም ሕዝቡ ፈቃዱን የሚገልጥበት መንገድ ነበረው፤ ይገብራል ወይም ይሸሽጋል፣ ይዘምታል ወይም ይከዳል።

ደመወዙ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መሬት የተረፈውን ለግብር ከፋይ ገበሬ ለመስጠት ሲነሡ ካህናቱ ተቃወሟቸው፤ የካህናት ቃል ደግሞ በየደብሩ ይሰማል። ጎጃም በታደለ ጓሉ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ገባ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ ሸዋን ያዙ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መረዳት አይከብድም። ቀድሞ በብዙ አውራጃ ላይ ተከፋፍሎ የነበረው የሠራዊቱ ቀለብ በበጌምድር ትከሻ ላይ ብቻ ወደቀ። ንጉሡን እስከ መጨረሻው ያቆየው አገር ከሁሉ ይልቅ ተጎዳ። ገበሬው እህሉን ሸሸገ፣ ከብቱን አሸሸ፣ በመጨረሻም ሸፈተ፤ ወታደሩም ሌሊት ሌሊት ይጠፋ ጀመር። የንጉሡ መልስ ቅጣት ነበር፤ ቅጣቱ ደግሞ ሌላ ሸፍታ ወለደ። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያኗ ተዘርፋ ተቃጠለች።

በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ግን የመድፍ ሥራው አላቋረጠም። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው፣ ባለቤቱን የሚከተለው ሰው ከቀን ወደ ቀን በሚያንስበት ወቅት ነው። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን እያስጎተቱ፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አመሩ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። ጦሩ ለሚበላው እህል በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ስለነበር በሚያልፍበት አገር ሻጭ አላጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። የተቃጠለችው ደብረ ታቦር ዳግመኛ ቀና ያለችው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ የእሳቸው መቀመጫ ስትሆን ነው።