የመሬትና የሆስፒታል ጉዳይ በዶክተር ቶማስ ላምቢ ሕይወት

በደቡብ ኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕክምና ተቋማት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የተመሠረቱበት ዓመትና የመሥራቹ ድርጅት ስም ነው። ሕንፃው በማን መሬት ላይ፣ በምን ፈቃድና በማን ዋስትና እንደ ቆመ እምብዛም አይጠየቅም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ በኩል ይመለከተዋል። ሰውየው በ1885 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ የተወለዱት ሐኪምና ሚስዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው።

ላምቢ የሕክምና ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በ1907 ወደ ሱዳን ሄደው በፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሥር በሶባት ወንዝ አካባቢ አገለገሉ። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው የኅዳር በሽታ ነበር። ወረርሽኙ ምዕራብ ወለጋንም በመታበት ጊዜ የሰዮ ገዥ የነበሩት ብሩ ወልደ ገብርኤል በጋምቤላ በኩል ሐኪም እንዲላክላቸው ጠየቁ፤ ላምቢም በ1919 ሰዮ (የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) ገቡ። ይህን ትውውቅ አንባቢ ቢያስታውሰው ይጠቅማል፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሲዳሞ ተመልሶ ይመጣልና።

ከሰዮ ቀጥሎ ጎሬ ላይ የራስ ናደውን የጆሮ ሕመም ማከማቸው ስማቸውን ወደ አዲስ አበባ አደረሰው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዋና ከተማዋ ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው፤ ላምቢም ወደ አገራቸው ሄደው የግንባታውን ገንዘብ በአመዛኙ በኦሃዮ ከሚኖሩ ጆርጅ ከተባሉ የሸክላ ዕቃ ባለፋብሪካ አገኙ። የጉለሌው ሆስፒታል በ1920ዎቹ በዚሁ ለጋሽ ስም ሥራውን ጀመረ። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ተቋሙን ያቆመው የአልጋ ወራሹ በጎ ፈቃድ ነበር። ይህ የኃላፊነት ክፍፍል በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ሁሉ ይታያል።

በ1927 ላምቢ የቀድሞ ሚስዮናቸውን ትተው ወደ ደቡብ የሚያቀና አዲስ ማኅበር ከባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ብዙም ሳይቆይ ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ጋር ተዋሐደ። በ1928 በበቅሎ ተነሥተው ከምባታን፣ ወላይታንና ሲዳሞን አዳረሱ። በዚያው ዓመት ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ግዛት ተሽረው በቦታቸው የተሾሙት የሰዮው ብሩ ነበሩ። ማኅበሩ በደቡብ በአንድ ጊዜ ሦስት ጣቢያዎችን ሊከፍት የቻለበትን ምክንያት የሚፈልግ ተመራማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ከማኅበሩ ስልት ይልቅ ከገዥዎች ጋር የነበረውን ይህን የቆየ ወዳጅነት ቢመረምር ይሻላል። በወቅቱ ደራሳ ይባል የነበረው የጌዴኦ ምድር የሚተዳደረው በዚሁ በሲዳሞ ግዛት ሥር ስለ ነበር፣ ሀገረ ሰላም ላይ የሚሰጥ ፈቃድ ወይም የሚጣል ክልከላ እስከ ዲላ ይደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ጣቢያዎች በሕክምና ይበልጥ የታወቀው ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ የተከፈተው ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላምቢ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አስገነቡ። የመሬቱ ጥያቄ ጎልቶ የወጣውም በዚህ ዘመን ነው። የውጭ አገር ዜጋ መሬት በስሙ መያዝ ስላልቻለ፣ ላምቢ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ድርጊቱን ለአገሪቱ ካላቸው ፍቅር ጋር ብቻ የሚያያይዙ አሉ። ፍቅሩን መካድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን አንድ ሐኪም ለሚስዮኑ ይዞታ ሲል ዜግነቱን እስከ መለወጥ መድረሱ የዘመኑን የመሬት ሥርዓት ክብደት ከማናቸውም የሕግ ሰነድ ባልተናነሰ ያሳያል።

ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ፣ በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ ላምቢም ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ልምድ ያለው ሐኪም፣ መድኃኒትና ተሽከርካሪ በጠፋበት ጊዜ የሕክምና ጓዶችን ወደ ጦር ግንባር የማሰማራቱን ሥራ መሩ። በዓመቱ መጨረሻ በራስ ደስታ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ።

የሕይወት ታሪካቸው አከራካሪ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ላምቢ ስለ ጣሊያን ጦር አድራጎት ቀደም ሲል የሰጡትን ቃል አነሡ፤ ለአዲሱ አገዛዝም ታማኝነታቸውን ገለጹ። ዓላማቸው ሚስዮኑንና ሆስፒታሎቹን ማትረፍ ነበር ይባላል። ሊታመን የሚችል ምክንያት ነው፤ የኢትዮጵያ ዜጋ በመሆናቸውም እንደ ሌሎቹ ሚስዮናውያን የሚከላከልላቸው መንግሥት አልነበራቸውም። ሆኖም የጣሊያን ድርጊት በዓለም ፊት በሚመዘንበት ሰዓት የቀይ መስቀሉ ጸሐፊ ቃሉን ማንሣቱ ኢትዮጵያን ጎድቷል። ሆስፒታሎቹም አልተረፉም፤ ጣሊያኖች የዘነበወርቅን ሆስፒታል ወሰዱ፣ የሚስዮኑ አባላትም ከደቡብ ጣቢያዎቻቸው ተራ በተራ እንዲወጡ ተደረገ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ የታሪክ ጸሐፊ ከላምቢ አገልግሎት ላይ ምንም ሳይቀንስ፣ ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው እንዳልተገኘ መጻፍ ይኖርበታል።

ላምቢ ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አልሠሩም። ሚስዮኑ ግን ተመለሰ፤ በዲላ ዙሪያም ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከፈተ። የጉለሌው ሆስፒታል የፓስተር ኢንስቲትዩት መቀመጫ ሆነ። በዘነበወርቅ ግቢ በ1965 አለርት ተመሠረተ፤ ኦቶና ደግሞ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። አንዱ ሕንፃ የለጋሹን ስም ጥሎ የላቦራቶሪ ስም ይዟል፣ ሁለተኛው በልዕልቲቱ ስም የሚጠራ ሰፈር ፈጥሯል፣ ሦስተኛው የቆመበትን ቦታ ስም እንደ ያዘ ቀርቷል። የላምቢን ስም የያዘ ከሦስቱ አንድም የለም።

ሐኪሙ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል ባቋቋሙት የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ነው። በሚያዝያ 1954 በኢየሩሳሌም አረፉ።