አልፍሬድ ቤትማን፤ የከተማ ፕላን ጠበቃ

ባለ መሬት በገዛ ይዞታው ላይ የወደደውን እንዳይሠራ ማዘጋጃ ቤት ሊከለክለው ይችላልን? ይህ ጥያቄ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካንን ፍርድ ቤቶች ሲያከራክር የቆየ ነው። መልስ ለማስገኘት ከደከሙት የሕግ ሰዎች አንዱ አልፍሬድ ቤትማን ነበር።

ቤትማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ። በሃርቫርድ ሕግ አጥንቶ ወደ ትውልድ ከተማው ከተመለሰ በኋላ ከ1912 እስከ 1913 የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ሆኖ ሠራ። የኦሃዮ ከተሞች የፕላን ኮሚሽን እንዲያቋቁሙ የፈቀደውን የ1915 ሕግ ያረቀቀውም እርሱ ነው።

ዝናው የገነነው ግን በዩክሊድ ክርክር ነው። በክሊቭላንድ አጠገብ የምትገኘው ይህች አነስተኛ መንደር በ1922 መሬቷን ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለፋብሪካ በክልል ደለደለች። በዚያ 68 ኤከር መሬት የነበረው አምብለር የተባለ ኩባንያ፣ ለፋብሪካ ቢሆን በኤከር 10,000 ዶላር የሚያወጣው መሬት ለመኖሪያ በመመደቡ ወደ 2,500 ዶላር ወረደብኝ ሲል ከሰሰ። በ1924 የፌዴራሉ ዳኛ ለኩባንያው ፈረደ፤ የድልደላው ውጤት ሕዝቡን በገቢው መጠን መለያየት መሆኑንም አመለከተ።

ነገሩ በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ተሰማ። ቤትማን የተከራካሪዎቹ ጠበቃ አልነበረም፤ ስለ ከተማ ፕላን ማኅበራት ሆኖ የጽሑፍ አስተያየት አቀረበ። የጎረቤትን ሁከት የሚከለክለው የቆየው ሕግ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ ድልደላው ግን ጉዳቱን አስቀድሞ ይከላከላል፤ መሠረቱም የውበት ፍላጎት ሳይሆን ስለ ጤና፣ ስለ እሳት አደጋና ስለ ትራፊክ የተደረገ ጥናት ነው ሲል አስረዳ። በኅዳር ወር ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት ለመንደሪቱ ፈረደ።

ሆኖም ቤትማን ፕላን የሌለው ድልደላ በቂ ነው ብሎ አላመነም። የሲንሲናቲ ምክር ቤት የከተማውን ጠቅላላ ፕላን በ1925 እንዲያጸድቅ ከደከሙት አንዱ ነበር፤ ከ1930 ጀምሮም በ1945 እስከ ሞተበት ድረስ የፕላን ኮሚሽኑን በሊቀ መንበርነት መራ።

ብዙ ከተሞች ግን ፍርዱን ተቀብለው ፕላኑን ተዉት። ያ የታችኛው ዳኛ የፈራውም ደረሰ፤ ድልደላው በየስፍራው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ከመልካም ሰፈር ማራቂያ ሆነ። ቤትማን ያስገኘው ሥልጣን ታላቅ ነው፤ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ሁሉ በዳኛ ፊት የሚቆም በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል የሚለው እምነቱ ግን ከሥልጣኑ ጋር እኩል አልተወረሰም።