ሁለት ወዶ የሆነለት ንጉሥ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የሪቻርድ ሬቲን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ማነው እሱ እንዳትሉኝ፤ የቼዝ ሰው ነው። ቼዝ ደግሞ አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው ጨዋታ ዘመድ ነው።

ሬቲ በ1889 ፔዚኖክ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ናት። አባቱ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። ወንድሙ ሩዶልፍ የሙዚቃ ሰው ሆነ። ሬቲ ግን ሒሳብ ሊማር ቪየና ሄደና ልቡን ቼዝ ወሰደው።

በ1924 ኒውዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ካፓብላንካን አሸነፈ። ካፓብላንካን እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላሸነፈውም ነበር! በ1925 ደግሞ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ገበታውን ሳያይ ከ29 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተጫወተ። ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ነው እንግዲህ! ይህም በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ።

እኔ ግን ከሁሉ የምወድለት በ1921 ያወጣውን እንቆቅልሽ ነው። ገበታ ካላችሁ አራት ጠጠር ብቻ አውጡ። ነጭ ንጉሥ ኤች8፣ ነጭ ወታደር ሲ6፣ ጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ጥቁር ወታደር ኤች5 ላይ ይቀመጡ። ነጭ ይጀምራል፤ የሚፈለገውም እኩል መውጣት ነው።

ሲያዩት ነጭ ያለቀለት ይመስላል። ጥቁሩ ወታደር መጨረሻው መስመር ከደረሰ ንግሥት ይሆናል። ነጩ ንጉሥ ከኋላው በቀጥታ ቢሮጥ አይደርስበትም። የራሱን ወታደር እንዳያግዝም ሩቅ ነው፤ ጥቁሩ ንጉሥ ደግሞ ሊበላው ሁለት እርምጃ ብቻ ቀርቶታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ንጉሡ በሰያፍ ይሂድ! ጂ7፣ ኤፍ6፣ ከዚያ ኢ5። ቼዝ ላይ ንጉሥ ሦስት መስመር ለመውረድ በቀጥታም ሄደ በሰያፍ ያው ሦስት እርምጃ ነው። በሰያፍ ሲሄድ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁሩ ወታደርም ወደ ራሱ ወታደርም ይጠጋል። ጥቁሩ ንጉሥ ነጩን ወታደር ልብላ ብሎ ጊዜ ካጠፋ፣ ነጩ ንጉሥ ጥቁሩን ወታደር ሄዶ ይይዘዋል። ጥቁር ወታደሩን ብቻ ካስሮጠ ደግሞ፣ ነጩ ንጉሥ የራሱን ወታደር ያጅበውና ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ። በዚህም በዚያም እኩል!

ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል አይደል? ለሬቲ ንጉሥ ግን ሆነለት።

ሬቲ በ1929 ስካርሌት ፊቨር በሚባል የትኩሳት በሽታ ፕራግ ውስጥ አረፈ። ገና 40 ዓመቱ ነበር። እንቆቅልሹ ግን መቶ ዓመት አልፎትም ዛሬ ድረስ ቼዝ ለሚማር ሰው ይሰጣል።

እኔም ከእሱ የያዝኩት አንድ ነገር አለ፤ ጨዋታ ሲጠብብኝ እጄን ከመስጠቴ በፊት ሰያፉን አያለሁ። እናንተም በእረፍት ሰዓት ሞክሩት፤ መጀመሪያ ግን መልሱን ለጓደኛችሁ እንዳትነግሩት! እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።