ማን ሬይ፦ በካሜራ እንጀራ የበላ ሠዓሊ

ዛሬ አንድ ወጣት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የጓደኛውን ፎቶግራፍ ከጥንት ሥዕል ጋር በማዋሃድ ሕልም የሚመስል ምስል መሥራት ቢያምረው፣ ፎቶሾፕና ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ይህ መንገድ ግን ከኮምፒዩተር በፊት የተጠረገ ነው። ከጠረጉት አንዱ የስደተኞች ልጅ፣ በኋላም ራሱ ስደተኛ የሆነው ማን ሬይ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1890 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከሩሲያ የመጡ አይሁዳውያን ሲሆኑ ያወጡለት ስም አማኑኤል፣ የቤተሰቡ መጠሪያ ደግሞ ራድኒትስኪ ነበር። ቤተሰቡ ቆይቶ ወደ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተዛወረ። አባቱ በልብስ ስፌት ነበር የሚተዳደሩት። በ1912 ቤተሰቡ በአይሁዳውያን ላይ የነበረውን ጥላቻ ሰግቶ ስሙን ሬይ ብሎ አሳጠረው፤ አማኑኤልም ማን ሆነ። በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ጥያቄ የሚመስለው ይህ ስም ለሰውየው ሕይወት የሚስማማ ነው።

ልቡ ያለው ሥዕል ላይ ነበር። አርክቴክቸር እንዲማር ያገኘውን የነፃ ትምህርት ዕድል ትቶ ሠዓሊነትን መረጠ። ካሜራ የገዛው እንኳ የራሱን ሥዕሎች ፎቶ ለማንሳት ነው። በ1921 ፓሪስ የገባውም በብሩሹ ስም ለማውጣት ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ባቀረበው ኤግዚቢሽን ሥዕሎቹን የሚገዛ አልተገኘም። ስለዚህ ለዕለት ጉርሱ የፋሽን ልብሶችንና የታዋቂ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ጄምስ ጆይስ፣ ገርትሩድ ስታይንና ፒካሶ ካሜራው ፊት ተቀመጡ። ለእንጀራ ብሎ የያዘው ሥራ መታወቂያው ሆነ።

በ1924 ሁለቱ ሙያዎቹ በአንድ ምስል ተገናኙ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንግር በ1808 ጥምጥም ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ሥሎ ነበር፤ ሥዕሉ የሚገኘው ሉቭር ነው። ማን ሬይ ኪኪ በሚል ስም የምትታወቀውን አሊስ ፕራንን በዚያው አኳኋን አስቀምጦ ፎቶ አነሳት። ከዚያም በታጠበው ፎቶ ላይ፣ ጀርባዋ ግራና ቀኝ፣ በቫዮሊን ሆድ ላይ የሚታዩትን ሁለት ቀዳዳዎች በቀለም ሣለና ያንን እንደገና በካሜራ አነሳው። የሰው ገላ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ። ዛሬ በፎቶሾፕ አንዱን ምስል በሌላው ላይ መደረብ የምንለው ይኸው ነው።

የሥራው ርዕስ የአንግር ቫዮሊን ይባላል። አንግር ቫዮሊን መጫወት ይወድ ስለነበር፣ ፈረንሳዮች ሰው ከዋና ሙያው ውጪ የሚወደውን ነገር በዚህ አባባል ይጠሩታል። ማን ሬይ እስከ መጨረሻው ራሱን የሚቆጥረው ሠዓሊ አድርጎ ነበር፤ ዓለም ግን የሚያውቀው በፎቶግራፉ ነው። ምስሉ ሴቲቱን ዕቃ አድርጓታል የሚል ወቀሳም ይቀርብበታል። ወቀሳው ውኃ የሚያነሳ ነው፤ እጆቿ እንኳ አይታዩም፤ ኪኪ ግን ዘፋኝና ሠዓሊ ነበረች።

በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ አብዛኛውን ሥራውን ጥሎ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ሎስ አንጀለስ 11 ዓመት ያህል ኖረ፤ ትዳርም እዚያ መሠረተ። የተወለደበት አገር ግን አላስቀረውም፤ በ1951 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1976 በ86 ዓመቱ እዚያው አረፈ። የተቀበረውም በሞንፓርናስ ነው።

በ2022 የዚያ ምስል አንድ ቅጂ ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 12.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ለተሸጠ ፎቶግራፍ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። ሁለቱን ቀዳዳዎች መጨመር ዛሬ ለማንም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በየትኛው ጀርባ ላይ እንደሚያምሩ ለማወቅ ግን የአንግርን ሥዕል አጥንቶ መውደድ ያስፈልግ ነበር። ያልተሸጠለት ሠዓሊነት ከንቱ አልቀረም፤ ፎቶግራፉ ውስጥ ገብቶ አብሮት ኖረ።